የመሰከሩት ሕጉ ከታደሰ በኋላ ነው

በጁላይ 2005 (ዘመኑ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የኤፍቢአይ ሰዎች በአሜሪካዋ ኮኔቲከት ግዛት የቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተሮችን ለሚያስተዳድር ድርጅት ደብዳቤ ሰጡ። ደብዳቤው በአንድ የተወሰነ ቀንና ሰዓት በአንድ ኮምፒውተር ማን እንደተጠቀመ ይጠይቃል። ዳኛ አላየውም። መድረሱን ለማንም መናገርም ክልክል ነው ይላል።

እንዲህ ያለው ደብዳቤ ቀድሞም ነበር፤ እጁን ያረዘመው ከሴፕቴምበር 11 ጥቃት በኋላ በ45ኛው ቀን የተፈረመው ፓትሪዮት አክት የተባለው ሕግ ነው። ሴኔቱ 98 ለ1 አጸደቀው፤ እምቢ ያለው የዊስኮንሲኑ ረስ ፋይንጎልድ ብቻ ነበር። ወደ ሦስት ሺሕ የሚጠጋ ሰው ባለቀ ማግስት አገር መደንገጡ አይፈረድበትም። ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ጆን አሽክሮፍት ያደረጉት ግን ሌላ ነው፤ በዲሴምበር 2001 ሴኔት ፊት ቀርበው፣ ነፃነት ተነጠቀ እያለ ሕዝብ የሚያስፈራ ሰው የሚረዳው አሸባሪዎችን ነው አሉ። ጠያቂውን ከጠላት ጎን ማሰለፍ ማለት ይህ ነው።

የድርጅቱ አራት ኃላፊዎች መንግሥትን ከሰሱ። ስማቸው እንዳይታወቅ ተብሎ ክሳቸው ሲሰማ እንኳ ችሎት አልገቡም፤ በሌላ ከተማ ተቀምጠው በቴሌቪዥን ተከታተሉ። በሴፕቴምበር ዳኛ ጃኔት ሆል የዝምታው ትእዛዝ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብለው ቢፈርዱም፣ መንግሥት ይግባኝ ጠይቆ ፍርዱ ታገደ። ማንነታቸው ጋዜጣ ላይ ከወጣ በኋላም መናገር አልተፈቀደላቸውም።

በእነዚያው ወራት ኮንግረስ ሕጉን ለማደስ እየተከራከረ ነበር። ሕጉ ቤተ መጻሕፍት ደጃፍ ላይ ሲደርስ ምን እንደሚመስል በዓይናቸው ያዩት ሰዎች ግን ቀርበው መመስከር አይችሉም ነበር። ሕጉ ማርች 9 ቀን 2006 ታደሰ። መንግሥት የዝምታውን ትእዛዝ የተወው በሚቀጥለው ወር ነው፤ ቆይቶም መዝገቡን መጠየቁን ራሱን ተወው። ከዚህ ታሪክ ሁሉ እጅግ የሚያስቆጣኝ ይህ የጊዜ ቅደም ተከተል ነው። ተወካዮቹ ድምፅ የሰጡት ዋናዎቹ ምስክሮች አፋቸው ተለጉሞ ሳለ ነበር።

በዚያው ዓመት በዝግ የሚያስችል ፍርድ ቤት የሕጉን አንቀጽ 215 ተርጉሞ የሚሊዮኖች የስልክ ጥሪ መዝገብ በጅምላ እንዲሰበሰብ ፈቀደ። ለአሜሪካ የስለላ ተቋም ይሠራ የነበረው ኤድዋርድ ስኖውደን በ2013 ይህን የሚያሳይ ሰነድ ሲያወጣ፣ ከሕጉ አርቃቂዎች አንዱ ጂም ሴንሰንብሬነር እንኳ ያሰብነው ይህን አልነበረም አሉ። የመንግሥቱ የግላዊነትና የሲቪል ነፃነቶች ተቆጣጣሪ ቦርድም በጃንዋሪ 2014፣ ይህ ሥራ በአገሪቱ ላይ በተቃጣ አደጋ ምርመራ ተጨባጭ ለውጥ ያመጣበት አንድም አጋጣሚ እንዳላገኘ አስታወቀ። የጅምላ ስብሰባው በ2015 በሕግ ተከለከለ፤ አንቀጹም በ2020 ጊዜው አበቃ።

ደብዳቤው ግን ዛሬም አለ። በ2015ቱ ማሻሻያ መሠረት፣ ተቀባዩ ከጠየቀ መንግሥት ዝምታው ለምን እንዳስፈለገ ለዳኛ ማስረዳት አለበት። ይህ አይበቃም፤ ዳኛው ጉዳዩን ማየት ያለበት ደብዳቤው ከመውጣቱ በፊት ነው።