ተጨማሪ መረጃ፦ ለአንድ የሙከራ መደብ ስንት ዛፍ ይበቃል?

የሙከራ መደብ፣ ማለትም አንድ ዓይነት እንክብካቤ የሚሰጠው የማሳ ክፍል፣ በሰፋ ቁጥር ከአፈር መለያየት የሚመጣው የምርት ልዩነት ቢቀንስም፣ ቅነሳው ከስፋቱ እኩል እንደማይራመድ የስታቲስቲክስ ባለሙያው ፌርፊልድ ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1938 በቀመር አሳይቷል። የቀመሩ የአፈር መለያየት መለኪያ በ0 እና በ1 መካከል የሚውል ሲሆን፣ ወደ 0 ሲጠጋ ጎረቤት ዛፎች በምርታቸው እጅግ ይመሳሰላሉ። መለኪያው 0.5 ነው ቢባል፣ አራት የማንጎ ዛፎችን በአንድ መደብ ማሰባሰብ የአማካይ ምርቱን ቫሪያንስ፣ ይኸውም የመዋዠቅ ልኩን፣ በግማሽ ሲቀንሰው፣ አራቱን በአራት ድግግሞሽ ለየብቻ መበተን ግን ወደ ሩብ ያወርደዋል፤ ስለዚህ ሰፊ መደብ ሁልጊዜ ይሻላል የሚለው ልማዳዊ እምነት እዚህ ላይ አይሠራም። ሆኖም ማዳበሪያ ወይም የመስኖ ውሃ ወደ ጎረቤት ሥር በሚሻገርበት ሙከራ ምርታቸው የማይመዘን የድንበር ዛፎች መተከል ስላለባቸው፣ የነጠላ ዛፍ መደብ ብዙ መሬት ይፈጃል።