የጣሳ ስፕሬይ ቀለም የሚያዋጣው እስከ የት ነው?

ጭረቱ ጠባብ ከሆነ ከጋራዥ ወጪ ያድናል፤ በር ሙሉ ከሆነ ግን ሂሳቡ ይገለበጣል

በብዙ አገር መኪና ከመሸጫው ከወጣበት ቀን ጀምሮ ዋጋው እየወረደ የሚሄድ ዕቃ ነው። በኢትዮጵያ ግን ነገሩ የተለየ ነው። ብዙ ባለቤት መኪናውን የሚያየው እንደ መጓጓዣ ብቻ ሳይሆን፣ ችግር ሲመጣ ተሽጦ ገንዘብ እንደሚሆን ጥሪት ጭምር ነው። ጥሪት ደግሞ ይጠበቃል። ፓራፋንጎ ላይ ያለች አንዲት ጭረት ወይም የበር ጠርዝ ላይ የጀመረች ዝገት የመልክ ጉዳይ ብቻ አይደለችም፤ በሽያጭ ቀን ከዋጋ ላይ የምትቀነስ ገንዘብ ናት።

ይህ ስሌት ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ይበልጥ ጠብቋል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ዕድሜያቸው በገፋ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ሦስቱም እርምጃዎች ለባለ ኮሮላውና ለባለ ቪትዙ አንድ መልእክት አላቸው፤ ያለህን ያዝ፣ ጠብቀውም የሚል።

መድንም ቢሆን ለዚህ ዓይነቱ ጉዳት ብዙ አያግዝም። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 አስገዳጅ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን በሌላ ሰው አካልና ንብረት ላይ ለሚደርስ ጉዳት እንጂ፣ ባለቤቱ ራሱ ከአጥር ጋር ላፋቀው ፓራውልት አይከፍልም። ሙሉ ሽፋን የገባ ደንበኛም ቢሆን ከእያንዳንዱ ጉዳት ራሱ የሚችለው መጠን በውሉ ላይ ይኖራል። ትንንሽ ጭረት የሚያርፈው ምንጊዜም በባለቤቱ ኪስ ላይ ነው። ጣሳ ስፕሬይ አማላይ የሚሆነውም እዚህ ላይ ነው። ኮምፕሬሰር አይጠይቅ፣ ሽጉጥ አይጠይቅ፤ ቁልፉን ተጭኖ መርጨት ብቻ።

ከውጭ የተቀዳ ስሌት

የጣሳ ቀለም እ.ኤ.አ. በ1949 በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት ኤድ ሲሞር የተባለ የቀለም ነጋዴ ያወጣው ዘዴ ነው። በመኪና ባለቤቶች ዘንድ የተስፋፋበት ዋና ምክንያት በእነዚያ አገሮች የሰው ጉልበት ውድ መሆኑ ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ አንድ በር ለማስቀባት ከሚጠየቀው ሂሳብ ትልቁ ድርሻ የሠራተኛው ሰዓት ነው። ቀለሙ ራሱ ከዚያ ያነሰ ነው። እናም ባለመኪናው ቅዳሜና እሁድን ራሱ ሲሠራ የሚያድነው ውዱን ነገር ነው።

አዲስ አበባ ላይ ሚዛኑ ወደ ሌላ ወገን ያዘነብላል። የባትላሜራውና የቀለም ቀቢው የእጅ ዋጋ ከውጭው ጋር ሲነጻጸር ዝቅተኛ ነው። በአንጻሩ ቀለሙ፣ ማድረቂያው፣ ቲነሩና ብርጭቆ ወረቀቱ በአብዛኛው በዶላር የሚገቡ፣ ወይም ጥሬ ዕቃቸው በዶላር የሚገባ ነው። ጣሳ ደግሞ ቀለምን በትንሽ በትንሹ አሽጎ ከጋዝና ከዕቃ መያዣው ዋጋ ጋር የሚሸጥ በመሆኑ፣ በሊትር ሲታሰብ ከቆርቆሮ ቀለም መወደዱ አይቀርም። በሌላ አነጋገር እዚህ አገር ጣሳ የሚገዛ ሰው ርካሹን ጉልበት ቆጥቦ ውዱን ዕቃ በብዛት ያወጣል ማለት ነው።

ታዲያ ጣሳው የሚያዋጣበት ቦታ የለም ማለት ነው? አለ። ጋራዥ ትንሽ ሥራ በትንሽ ዋጋ መሥራት ይከብደዋል። ቀለም ቀቢው የዘንባባ መዳፍ የምታህል ጭረት ሲቀርብለት ብዙውን ጊዜ የሚቀባው ሙሉውን በር ወይም ሙሉውን ፓራፋንጎ ነው። ይህም ከስግብግብነት የመጣ አይደለም። ክሊር የሚባለው ጥርት ያለ የላይኛው ሽፋን መሐል ላይ ሲቆረጥ መስመሩ ስለሚታይ ነው። ስለዚህ ለመዳፍ ስፋት የሙሉ በር ሂሳብ ይከፈላል። ጣሳው የሚያተርፈው በዚህች ክፍተት ውስጥ ነው።

ሂሳቡ በጣሳ ሲሠራ

ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ፣ ስሌቱን ከብር ይልቅ በጣሳ ቁጥር መሥራት ይሻላል። የተለመደው ጣሳ 400 ሚሊ ሊትር ነው። ከዚህ ውስጥ ጉልህ የሆነው ክፍል መግፊያ ጋዝና ማቅጠኛ ሲሆን በብረቱ ላይ የሚቀረው ቀለም ጥቂት ነው። አንድ ጣሳ አንድ እጅ ብቻ ቢቀባ አንድ ተኩል ካሬ ሜትር ያህል ይሸፍናል ብሎ ማሰብ ይቻላል። የመኪና ሥራ ግን በአንድ እጅ አያልቅም።

ሦስት ጉዳቶችን እንውሰድ።

የመጀመሪያው የፓራውልት ማዕዘን ላይ ያለ ጭረት ነው። ዙሪያው ተፍቆ ሲሰፋ ሩብ ካሬ ሜትር ቢሆን፣ አንድ ጣሳ ፕራይመር፣ አንድ ጣሳ ቀለምና አንድ ጣሳ ክሊር ይበቃዋል፤ ይተርፋልም። እዚህ ላይ ጣሳው ያዋጣል።

ሁለተኛው ሙሉ በር ነው። ስፋቱ ወደ አንድ ካሬ ሜትር ይጠጋል። ሁለት እጅ ፕራይመር፣ ሦስት እጅ ቀለም፣ ሁለት እጅ ክሊር ሲደመር ሰባት ካሬ ሜትር ቅብ ይሆናል፤ አምስት ጣሳ ገደማ ማለት ነው። ስቱኮውና ብርጭቆ ወረቀቱ ሲጨመርበት ከጋራዡ ሂሳብ ጋር መቀራረብ ይጀምራል። ውጤቱ ግን ከጋራዡ ጋር እኩል አይሆንም።

ሦስተኛው መኪናውን በሙሉ መቀባት ነው። የአንድ ትንሽ አውቶሞቢል የውጭ ገጽ ዘጠኝ ካሬ ሜትር ቢባል፣ ሦስት እጅ ቀለም ብቻ 18 ጣሳ ይፈጃል። ሁለት እጅ ክሊር ሌላ 12 ጣሳ ነው። 30 ጣሳ ተገዝቶ ፕራይመሩ ገና አልተነካም። ኮፈኑ ላይ የተጀመረው ቅብ ጣሪያው ላይ ሲደርስ መልኩን ይለውጣል፤ ጣት ቁልፉን ተጭኖ ይዝላል፤ ጣሳው ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ይቀንሳል፤ መስመር መስመር ይወጣል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው።

ድካሙ ከቀለሙ በፊት ነው

በጣሳ የተሠራ ሥራ ሲበላሽ ብዙ ሰው ቀለሙን ይወቅሳል። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሥር ነው። ዝገት ካለ በ80 ወይም በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ነጩ ብረት እስኪታይ መፋቅ አለበት። በላዩ ላይ የተረጨ ቀለም ዝገትን ይሸፍነዋል እንጂ አያቆመውም፤ ከወራት በኋላ ፊኛ ሆኖ ይነሳል። ጎድጓዳው በቀጭኑ ስቱኮ ይሞላል፤ ስቱኮው በ180 ከዚያም በ240 ይስተካከላል። የተጋለጠ ብረት አንቲሩጂኔ ሳይቀባ ማደር የለበትም። ፕራይመሩ ከደረቀ በኋላ በ400፣ ቀለም ሊረጭ ሲል ደግሞ በ600 ወይም በ800 በውኃ ይለሰልሳል። ፓራውልቱ ፕላስቲክ ከሆነ ለፕላስቲክ የተዘጋጀ ፕራይመር ያስፈልገዋል፤ አለበለዚያ ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይላቀቃል።

ሰምና ቅባት ከተጠረገ፣ መስታወቱና ጎማው በጋዜጣና በወረቀት ፕላስተር ከተሸፈነ በኋላ ብቻ የጣሳው ተራ ይመጣል። በውስጡ ያለችው ኳስ መንኳኳት ከጀመረችበት ቅጽበት ጀምሮ ሁለት ደቂቃ ያህል መናጥ አለበት። ርቀቱ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ነው። እጅ መንቀሳቀስ የሚጀምረው ከጉዳቱ ውጭ ሆኖ፣ የሚያቆመውም ከጉዳቱ ውጭ ነው። የመጀመሪያው እጅ ስስ ይሆናል፤ ከሥር ያለው ቢታይም አያሳስብም። በአንዴ ለመሸፈን የሚጣደፍ ሰው ቀለሙ እንደ እንባ ይወርድበትና እንደገና ፍቆ ይጀምራል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው ነው።

የአዲስ አበባ አየርም የራሱ ሕግ አለው። በክረምት እርጥበቱ ገና ያልደረቀ ቀለም ላይ ሲያርፍ ወተት የመሰለ ነጭ ደመና ይፈጥራል። በበጋ ደግሞ ፀሐይ ላይ የቆመ ብረት ስለሚግል ቀለሙ ሳይዘረጋ ደርቆ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ይሻክራል። የሚሻለው ደረቅ ቀን፣ ጥላ ሥር፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች በመሆኗ የፀሐዩ ጨረር ብርቱ ነው። ፋብሪካው በክሊር የሸፈነውን ቀለም ያለ ክሊር የተወ ሰው ቶሎ ሲደበዝዝበት ያያል።

«ነጭ» የሚባል አንድ ቀለም የለም

መርካቶ ሶማሌ ተራ የመኪና ዕቃ ፍለጋ የሚወርድ ሰው «ነጭ ስጡኝ» ብሎ ቢገዛ ነጭ ያገኛል፤ የመኪናውን ነጭ ግን ላያገኝ ይችላል። እያንዳንዱ ፋብሪካ ለቀለሙ ኮድ አለው። በቶዮታ መኪኖች ላይ በሞተሩ ክፍል ወይም በበሩ ምሰሶ ላይ ባለችው ትንሽ ሰሌዳ የቀለሙ ኮድ ተጽፏል፤ ለምሳሌ 040 የተለመደው ነጭ፣ 202 ጥቁር ነው። ከኮዱ ጋር የሚስማማ ጣሳ ካልተገኘ፣ ኮዱን ይዞ ወደ ቀለም ቀማሚ መሄድና በሽጉጥ ማስረጨት ከግምት ግዢ ይሻላል።

ኮዱ ቢገኝም የ15 ዓመት መኪና በፀሐይ ስለደበዘዘ አዲሱ ቀለም ጎልቶ ሊታይ ይችላል። ነጭና ጥቁር ይህን ይሸከማሉ። ብርማና ሌሎች ሜታሊክ ቀለሞች ግን ምሕረት የላቸውም። በውስጣቸው ያሉት የአሉሚኒየም ቅንጣቶች በረጪው ርቀትና ፍጥነት መጠን በተለያየ አቅጣጫ ስለሚተኙ፣ ያው ቀለም ከአንድ ወገን ሲታይ የነጣ፣ ከሌላው የጠቆረ ይመስላል። ብርማ መኪና ያለው ሰው ከጠጠር ፍንጣሪ ለበለጠ ጉዳት ጣሳ ባይነካ ይመከራል።

ርካሹና አደገኛው

ክሊር በሁለት ዓይነት ጣሳ ይገኛል። አንደኛው ያለ ማድረቂያ በአየር ብቻ የሚደርቀው ነው። ዋጋው ዝቅ ያለ ቢሆንም ቤንዚን ሲንጠባጠብበት ይለሰልሳል፤ በነዳጅ መሙያው አካባቢ ሲውል አይበረክትም። ሁለተኛው ማድረቂያ በውስጡ የታሸገለት ሲሆን፣ ሥሩ ላይ ያለችው ቁልፍ ስትጫን ከቀለሙ ጋር ይቀላቀላል። ይህኛው ጠንካራ ነው፤ ቤንዚንም ይችላል። ነገር ግን አንዴ ከተቀላቀለ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ጣሳው ውስጥ ይደርቃል፤ ለሚቀጥለው ወር አይቀመጥም።

ከዋጋው በላይ የሚያሳስበው ግን ጤና ነው። የዚህ ማድረቂያ አይሶሳያኔት የተባለ ንጥረ ነገር ሲተነፈስ አስም ሊያመጣ ይችላል። አንዴ የተጎዳ ሰው ኋላ በጥቂቱም ይነሳበታል። የጨርቅም ሆነ የሕክምና አፍንጫ መሸፈኛ አይከላከለውም። ተስማሚ የመተንፈሻ መከላከያ የሌለው ሰው ይህን ክሊር ለጋራዥ ቢተወው ይሻላል። ማድረቂያ የሌለውም ቢሆን በተዘጋ ቤት ውስጥ አይረጭም። የጣሳው መግፊያ ጋዝ በአብዛኛው ፕሮፔንና ቡቴን፣ ማለትም የማብሰያው ጋዝ ዘመድ ነው። ግቢ ውስጥ ከሰል ተያይዞ ቡና እየተፈላ ከጎኑ መርጨት እሳት መጥራት ነው። ጣሳውን ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ መተውም ሆነ ባዶውን መብሳት እንዲሁ አደገኛ ነው።

ገዢው ምን ያያል?

የመጨረሻው ፈተና በሽያጭ ቀን ይመጣል። ልምድ ያለው ገዢ ወይም ደላላ መኪናውን በጎን ብርሃን ያየዋል፤ የጎማ ጠርዝና የመስታወት ላስቲክ ላይ የቀለም ብናኝ ይፈልጋል፤ አንዳንዱ ማግኔት ያስጠጋል። ወፍራም ስቱኮ ካለበት ማግኔቱ አይዝም። መጥፎ ቅብ ሲገኝ ገዢው የሚጠረጥረው ጭረት ሳይሆን የተደበቀ ግጭት ነው። እናም ከዋጋው ላይ የሚቀንሰው የጭረቱን ሳይሆን የግጭቱን ያህል ነው። ደህና ያልተሠራ የጣሳ ሥራ ከጭረቱ የበለጠ ያስከስራል የሚባለውም ለዚህ ነው።

ስለዚህ ጣሳ ከመግዛት በፊት መለካት ይገባል። ጉዳቱ ከአንድ የጽሕፈት ወረቀት ካልሰፋ፣ ቦታው ዓይን የማያርፍበት የፓራውልት ታች ወይም የበር ጠርዝ ከሆነ፣ ቀለሙም ነጭ ወይም ጥቁር ከሆነ ሦስት ጣሳና ሁለት የዕረፍት ቀን ትርፍ አላቸው። ብረቱ ነጥቶ ዝናብ ከመምጣቱ በፊት የተሸፈነ ጭረትም፣ መልኩ ፍጹም ባይሆን እንኳ፣ በሩን ከመበሳት ያድናል። ከዚያ የሰፋውን፣ ብርማውንና ኮፈኑን ግን ባለሙያው ይሥራው። የሚከፈለው የእጅ ዋጋ በዚህ አገር ከሂሳቡ ሁሉ ርካሹ ክፍል ነው።