ዋሱ ማን ነው? የተራዘመ የመኪና ዋስትና ሰጪዎችን የገንዘብ አስተማማኝነት ስለ መመዘን
በእንዳ ኢየሱስ ግቢ ለሕዝብ የቀረበ ትምህርታዊ ንግግር



በአገራችን የሙግት ልማድ ተሟጋች ዋስ ሲጠራ የሚመረመረው የዋሱ አንደበት ሳይሆን አቅሙ ነበር፤ ባለዕዳው ቢጠፋ የሚከፍልበት ሀብት አለውን? የዛሬው ርእሳችንም ከዚህ ጥያቄ አይርቅም። የፋብሪካው ዋስትና ካበቃ በኋላ ላሉት ዓመታት ገንዘብ ከፍሎ የተራዘመ ዋስትና የሚገዛ ሰው፣ በእጁ የሚገባው ሞተር ወይም ካምቢዮ አይደለም፤ ወደፊት የሚከፈል ዕዳ ነው። ገዢው አበዳሪ ሆኗልና እንደ አበዳሪ ሊያስብ ይገባዋል።

ጉዳዩ ዛሬ ክብደት አግኝቷል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ገበያው ወደ ኤሌክትሪክ መኪና አዘንብሏል። የእነዚህ መኪኖች እጅግ ውዱ አካል ባትሪው ነው፤ ባትሪ የሚደክመው ደግሞ ከዓመታት በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ ባለዕዳው ማን ነው የሚለው ነው። ዋስትናውን የሚሸጠው፣ ጥያቄዎችን የሚያስተናግደው፣ በውሉ የሚገደደውና ከኋላ ሆኖ መድን የሚሰጠው አራት የተለያዩ ወገኖች ሊሆኑ ይችላሉ። በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት ይሠራ የነበረውና እ.ኤ.አ. በ2010 የኪሳራ አቤቱታ ያቀረበው ዩኤስ ፊደሊስ በማስታወቂያ የታወቀ ሻጭ ነበር፤ በውሎቹ የጥገና ወጪ ለመክፈል የተገደዱት ግን ሌሎች ኩባንያዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2003 የወደቀው ናሽናል ዋራንቲ ደግሞ በካይማን ደሴቶች የተመዘገበ፣ ከመኪና ሻጮች ውል ጀርባ የቆመ መድን ሰጪ ነበር። እርሱ ሲወድቅ፣ ኃላፊነቱን አስተላልፈናል ብለው የነበሩ ሻጮች ዕዳው ተመልሶ መጣባቸው። ስለዚህ በማስታወቂያው ላይ ያለውን ስም ትተን በውሉ ላይ የሰፈረውን እንፈልግ።

ሁለተኛው ጥያቄ ገንዘቡ የት አለ የሚለው ነው። በዚህ ሥራ ገቢው ይቀድማል፤ ወጪው ይዘገያል። ለምሳሌ አንድ ድርጅት 1,000 ውሎችን እያንዳንዳቸውን በ30,000 ብር ሸጠ እንበል፤ 30 ሚሊዮን ብር ሰበሰበ። የሚጠበቀው የጥገና ወጪ 24 ሚሊዮን ከሆነ፣ ገንዘቡን ሁሉ የመጀመሪያው ዓመት ትርፍ ያደረገ ድርጅት 24 ሚሊዮን ብር ዕዳ ሰውሯል ማለት ነው። ሽያጩ እስካደገ ድረስ የአዲሱ ገዢ ገንዘብ የአሮጌውን ጥገና ይሸፍናል፤ ሽያጩ ሲቀዘቅዝ ጉድለቱ ይገለጣል። እንግዲህ ፈጣን ዕድገት ብቻውን የጥንካሬ ማስረጃ አይሆንም። ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ ደረጃ ቁጥር 15 ለብቻው የተሸጠ ዋስትና ገቢ አገልግሎቱ በሚሰጥበት ዘመን ቀስ በቀስ እንዲመዘገብ የሚያዝዘውም ለዚህ ነው። በኦዲት በተመረመረው የሀብትና ዕዳ መግለጫ ላይ ይህ ዕዳ ሰፍሯልን? በአንጻሩስ በቶሎ ወደ ገንዘብ የሚለወጥ ሀብት አለን? ሕንፃና ያልተሸጠ መኪና የነገ ጥገናን አይከፍሉም።

ሦስተኛው የምንዛሬ ጥያቄ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ወደ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ዋስትናው የተሸጠው በብር፣ መለዋወጫው የሚገዛው በዶላር ነው። ውሉ የክፍያ ጣሪያ በብር ካስቀመጠ አደጋው በገዢው ላይ ይወድቃል፤ ካላስቀመጠ ሰጪው ይህን ድንጋጤ የሚችልበት መጠባበቂያ ሊኖረው ይገባል።

አራተኛው የሕግ ጥበቃ ነው። በመድን ሥራ አዋጅ ቁጥር 746/2004 መሠረት ከኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ሳያገኙ የመድን ሥራ መሥራት አይቻልም፤ ባንኩ የመድን ድርጅቶችን ካፒታልና የመክፈል አቅም ይቆጣጠራል። ሻጭ ራሱ የሚገባው ቃል ግን በፍትሐ ብሔር ሕጉ የሽያጭ ውል ደንብ ሥር የሚታይ ሲሆን፣ መያዣው የሻጩ ሀብት ብቻ ነው። «ከኋላችን መድን ድርጅት አለ» የሚል ሻጭ ቢገጥመን፣ ሻጩ ቢከስር በቀጥታ ከመድን ድርጅቱ ለመጠየቅ የሚያስችል አንቀጽ በውሉ ላይ ያሳየን።

የመጨረሻው ጥያቄ ለዚህች ከተማ ሩቅ አይደለም። ከሰኔ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ድረስ በመቐለ ባንኮች ተዘግተው ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ በሌላ ከተማ ያለ ገንዘብ፣ ብዙም ቢሆን፣ እዚህ ለቆመ መኪና አይደርስም። ኪሎ ሜትሩ ሳይጨምር የውሉ ዘመን ግን ይነጉዳል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ከዐቅም በላይ የሆነ ኃይል ባለዕዳውን ከካሣ ኃላፊነት ሊያድነው ይችላል፤ ያለፈውን ዘመን ለገዢው ይመልሳል ማለት ግን አይደለም። አገልግሎት በተቋረጠበት ጊዜ የዋስትናው ዘመን አይቆጠርም የሚል አንቀጽ ከፊርማ በፊት መጠየቅ አለበት።

ለእነዚህ ጥያቄዎች በጽሑፍ መልስ የማይሰጥ ሰጪ ሲያጋጥም ሌላ ምርጫ አለ፤ የዋስትናውን ዋጋ በራስ ስም በባንክ ማስቀመጥ። ከባድ ብልሽት ቀድሞ ቢመጣ ያ ገንዘብ ላይበቃ ይችላል፤ ሆኖም በማን እጅ እንዳለ ይታወቃል።