የነሐሴ ብድር፣ የኅዳር ዕዳ

ማንኩሽ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል በመተከል ዞን የምትገኘው የጉባ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ስሟ በአገሩ ሁሉ የተሰማው መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ሥራው በተጀመረውና ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በተመረቀው በታላቁ የኅዳሴ ግድብ ምክንያት ነው። የወረዳው ገበሬ ግን ከግድቡ በፊትም ሆነ ከግድቡ በኋላ ኑሮውን የሚገፋው በማሽላና በሰሊጥ፣ በፍየል እርባታና በበጋው ወራት በወርቅ እጥበት ነው። ዝናቡ በዓመት አንድ ወቅት ብቻ ስለሚጥል የገበሬው ዓመት በሁለት ይከፈላል፤ ጎተራው እህል ያለበት ወራትና ጎተራው የተራቆተበት ወራት። ከአንዱ ወደ ሌላው መሸጋገሪያ ሆኖ የሚያገለግለው አብዛኛውን ጊዜ ብድር ነው። ብድሩ በነሐሴ ይወሰዳል፤ ዕዳው በኅዳር ይከፈላል። በነዚህ ሁለት ወራት መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት የወጣት ቤተሰብን የዓመት ድካም ይዞ ይሄዳል።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ቤተሰብ በምሳሌነት ይታሰብ። ባልና ሚስት ሦስት ልጆች አሏቸው። ትልቁ ገና የስድስት ዓመት ልጅ ነው፤ ትንሿ ጡት አልጣለችም። መሬታቸው ሁለት ሄክታር ተኩል ያህል ሲሆን አንድ ተኩሉ በሰሊጥ፣ ቀሪው በማሽላ ይሸፈናል። ይኸ ቤተሰብ ስሌቱን ለማሳየት የቀረበ እንጂ በስም የሚጠራ አይደለም፤ መሳዮቹ ግን በቆላው አያሌ ናቸው።

በቤቱ ውስጥ አምስት አፍ አለ። ለእርሻ የሚሆነው እጅ ግን ሁለት እንኳ አይሞላም፤ እናቲቱ ሕፃን አዝላ ነው የምታርመው፤ ሕፃኗ ባለቀሰች ቁጥር ሥራው ይቆማል፤ ውኃ መቅዳቱ፣ እንጨት መልቀሙና ምግብ ማብሰሉም የሚጠብቀው እርስዋኑ ነው። አሌክሳንደር ቻያኖቭ የተባለው የሩሲያ የግብርና ኢኮኖሚ ሊቅ በ1925 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ይህንኑ በቁጥር አስልቶ አሳይቷል። በየሦስት ዓመቱ ልጅ በሚወለድበት ቤት አንድ ሠራተኛ የሚመግበው ሰው ቁጥር ከዓመት ዓመት እየጨመረ ይሄድና በጋብቻው 14ኛ ዓመት ገደማ ወደ ሁለት ይጠጋል፤ ከዚያ በኋላ የበኩር ልጅ ለሥራ ሲደርስ ሸክሙ ይቀንሳል። ቻያኖቭ ያጠናው የበረዶ አገር ገበሬ ነው፤ ሒሳቡ ግን ለቆላውም ይሠራል። ስለሆነም ወጣቱ ቤተሰብ ዕዳ ውስጥ የሚገባው የግድ ሰነፍ ወይም አባካኝ ሆኖ አይደለም። ልጆቹ ትንንሽ በመሆናቸው ብቻ ዕዳው ደጃፉ ላይ ይቆማል።

በጉባ ይህ ችግር ሌላ ችግር ይጨመርበታል። በዓባይ ሸለቆ ቆላዎች የገንዲ በሽታ ከብቱን ስለሚጎዳ በሬ እንደ ደጋው በቀላሉ አይገኝም። የጉሙዝ ገበሬ ከጥንት ጀምሮ መሬቱን የሚያለማው በእጅ መሣሪያ ነው። ሰሊጥ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አዝጋሚ ሆኖ ስለሚያድግ አረም ይውጠዋል። ሳይውል ሳያድር መታረም አለበት፤ ያውም ደጋግሞ። ይህ ሁሉ ሥራ የሚበረታው በሐምሌና በነሐሴ፣ ማለትም ያለፈው ዓመት ማሽላ ባለቀበትና አዲሱ ባልደረሰበት ወቅት ነው። ሁለቱ ሰዎች ብቻቸውን ስለማይችሉት ወይ ደቦ ይጠራሉ፣ ወይ የቀን ሠራተኛ ይቀጥራሉ። ደቦው የሚበላና የሚጠጣ ይፈልጋል። የቀን ሠራተኛውም ገንዘብ ይፈልጋል። በቤት ውስጥ ግን ሁለቱም የሉም።

በዚህ ጊዜ ነጋዴው ይመጣል። ነጋዴው አራጣ የሚል ቃል ከአፉ አይወጣም። ገንዘቡን ዛሬ ይሰጥና በኅዳር ይህን ያህል ኩንታል ሰሊጥ ይቀበላል። በመተማና በሁመራ የሰሊጥ አገሮችም የቆየ ልማድ ነው። ከላይ የተጠቀሰው ቤተሰብ በነሐሴ 6,000 ብር ወስዶ በኅዳር ሁለት ኩንታል ሰሊጥ ለማስረከብ ተስማማ ይባል። በኅዳር የአንድ ኩንታል ዋጋ 5,000 ብር ቢሆን የሚያስረክበው ሰሊጥ 10,000 ብር ያወጣል። (ዋጋዎቹ ለምሳሌ ያህል የተወሰዱ ናቸው፤ በየዓመቱ ይለዋወጣሉ።) እንግዲህ 6,000 ብር በአራት ወር ውስጥ 4,000 ብር ወልዷል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ተዋዋዮች ሊስማሙበት የሚችሉት ከፍተኛው ወለድ በዓመት ከመቶ 12 እንዳይበልጥ ይደነግጋል። በዚያ ልክ ቢሆን ኖሮ የ6,000 ብር የአራት ወር ወለድ 240 ብር ነበር። 240 ብርና 4,000 ብር! ልዩነቱ የሁለት ፍየል ዋጋ ሳይሆን አይቀርም።

ሕጉ እያለ ይህ እንዴት ይሆናል ለሚለው፣ መልሱ ወለዱ የተደበቀው በዋጋው ውስጥ መሆኑ ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 712 አራጣን ያስቀጣል። ሆኖም ስምምነቱ ሽያጭ ስለሚባል፣ ብዙውን ጊዜም ጭራሹን ስለማይጻፍ፣ ጉዳዩ ዳኛ ፊት ሳይደርስ ያልፋል። በእስልምና ሕግ ሰለም የሚባል፣ ዋጋው አስቀድሞ ሙሉ በሙሉ ተከፍሎ እህሉ ወደፊት የሚረከብበት የተፈቀደ የሽያጭ ዓይነት አለ፤ ልኩ፣ ዓይነቱና የርክክቡ ቀን ተለይቶ መታወቅ ግን ግዴታው ነው። በጉባ እስላሙ ብዙ ስለሆነ ይህ ልዩነት ሊታወቅ ይገባዋል። ለተራበ ሰው ተጨንቆ የተቆረጠ ዋጋና በሁለት ነፃ ሰዎች ስምምነት የተቆረጠ ዋጋ፣ ስማቸው አንድ ቢሆንም፣ አንድ አይደሉም።

ጉዳዩ የኢትዮጵያ ብቻም አይደለም። በ1976 እ.ኤ.አ. ሙሐመድ ዩኑስ የተባሉት የኢኮኖሚ መምህር በባንግላዴሽ ጆብራ በምትባል መንደር የቀርከሃ በርጩማ የምትሠራ ሴት አገኙ። ለቀርከሃው መግዣ የምትበደረው ከነጋዴ ሲሆን፣ የሠራችውን በርጩማ መልሳ ለዚያው ነጋዴ እርሱ በቆረጠው ዋጋ ትሸጥ ነበር። ዩኑስ በመንደሪቱ እንዲህ በመሰለ ዕዳ የተያዙትን ሲያስቆጥሩ 42 ሰዎች ሆኑ፤ የሁሉም ዕዳ ተደምሮ 27 ዶላር ብቻ ነበር። በ1983 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ግራሚን ባንክ መነሻው ይኸ ነው። ኋላ በኢትዮጵያም በአዋጅ ቁጥር 40/1988 የአነስተኛ ብድር ተቋማት ሕጋዊ መሠረት አግኝተው ወደ ገጠሩ ገቡ። ገበሬዎች በቡድን ሆነው አንዱ ለሌላው ዋስ እየሆነ መበደር የጀመሩት በነርሱ ነው።

የተቋሙ ብድር ከነጋዴው ብድር በወለዱ የረከሰ መሆኑ አያጠያይቅም። ጣጣው ያለው በቀኑ ላይ ነው። ገንዘቡ ዘግይቶ አረሙ ካለፈ በኋላ ከደረሰ ለሠርግና ለልብስ ይውላል። የመክፈያው ቀን በመኸር ማግሥት ከሆነ ደግሞ ገበሬው ሁሉ በአንድ ሳምንት ሰሊጡን ገበያ ያወጣና ዋጋው ይወድቃል። የከፋው ግን የቡድን ጓደኞቹን ላለማስቀየም ከነጋዴው ተበድሮ ተቋሙን መክፈል ነው። ዕዳ በዕዳ የተከፈለ ለአንድ ወር ያህል የቀለለ ይመስላል፤ በነሐሴ ግን ሁለቱም ተያይዘው ይመጣሉ።

ነጋዴውን መራገም ደግሞ ዕዳ አይከፍልም። መንገዱ በጭቃ በተዘጋበት ወር ገንዘብ ይዞ ጎጆ ድረስ የሚመጣው እርሱ ብቻ ነው። ማመልከቻ አይጠይቅም፤ ሰሊጡ ቢመታ ወይም ዋጋው ቢወድቅ ኪሳራው የሚነካው እርሱንም ነው። ስለዚህ ከዕዳው መውጫው መንገድ መፈለግ ያለበት በኅዳሩ ክፍያ ላይ ብቻ አይደለም። ዋናው ነገር ነጋዴው በነሐሴ ሲመጣ የሚያስፈልገው ገንዘብ ያነሰ ሆኖ እንዲያገኘው ማድረግ ነው።

ወደ ምሳሌው ቤተሰብ ይመለስ። ሄክታር ተኩሉ ስድስት ኩንታል ሰሊጥ ሰጠ። ሁለቱ በዕለቱ ለነጋዴው ይሄዳል፤ አራቱ ይቀራል፤ ይህም 20,000 ብር ነው። በነሐሴ የተበደሩት 6,000 ብር ደግሞ ሲመረመር ከግማሹ የሚበልጠው ለእህል መግዣ የዋለ ሆኖ ይገኛል። ያው እህል በታኅሣሥ፣ ማሽላ በረከሰበት ጊዜ፣ በጣም ባነሰ ገንዘብ ይገዛ ነበር። እንግዲህ ከ20,000ው ብር ከሁሉ በፊት መነሳት ያለበት የሰኔ፣ የሐምሌና የነሐሴ ቀለብ ነው፤ ልብሱና መዋጮው ከዚያ በኋላ ይምጣ። ሰሊጡን ራሱን ይዞ ዋጋ እስኪወጣ መጠበቅ ለሚችል ያዋጣ ይሆናል። ነገር ግን የኢትዮጵያን ሰሊጥ በብዛት የምትገዛው ቻይና እንደመሆኗ ዋጋውን የሚወስነው ሩቅ ያለ ገበያ ነው፤ ሦስት ሕፃናት ያሉበት ቤት በርሱ ላይ መወራረድ የለበትም። ማሽላ ግን ዋጋው ቢወድቅም ይበላል።

የተገዛው ማሽላ ከነቀዝ እንዲጠበቅ አየር የማያስገባው ባለ ፕላስቲክ ከረጢት ከተራው ጆንያ ይሻላል፤ ከረጢቱ በደንብ ከታሰረ ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታል። ከጎጆው አጠገብ ባለችው ቁራጭ መሬት በዝናቡ መጀመሪያ ላይ የተዘራ በቆሎ ነሐሴ ሲያልቅ እሸቱ ይደርሳል፤ ዱባና ባሚያም አብረውት ይበቅላሉ። ትንሽ ነገር ይመስላል። ሆኖም የአንድ ሳምንት ራት ብድሩን በአንድ ሳምንት ያሳጥራል።

በዚህ ዓይነት በሁለተኛው ዓመት የነሐሴው ብድር ከ6,000 ወደ 3,000 ብር ቢወርድ፣ በኅዳር ለነጋዴው የሚሄደው አንድ ኩንታል ብቻ ይሆናል። የተረፈው ኩንታል እንስት ፍየሎች ይገዛበታል። በሦስተኛው ዓመት ለአረሙ ሠራተኛ የሚከፈለው ከብድር ሳይሆን ከፍየል ሽያጭ ነው። ስሌቱ በወረቀት ላይ ያምራል፤ በመሬት ላይ ግን ወባ አለች። ወባ የምትበረታው ዝናቡ ሲያባራ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ልክ ሰሊጥ በሚታጨድበት ጊዜ ነው። ከቀኑ ያለፈ ሰሊጥ ፍሬውን መሬት ላይ ያራግፋል። አባት በዚያ ሳምንት ቢተኛ፣ ወይም እናት የታመመች ሕፃን ታቅፋ ብትቀመጥ፣ የጠፋው ሰሊጥ ዕዳውን ከነበረበት ያደርሰዋል። ስለሆነም አጎበሩና ትኩሳቱ በጀመረበት ዕለት ጤና ኬላ መሄዱ የጤና ምክር ብቻ ሳይሆን የዕዳ መክፈያ ሒሳብ አካል ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ሳይነሳ ማለፍ የለበትም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ነው ይላል። ለመክፈሉም ማስረጃ የሚሠራው ያው ደንብ ነው። ብዙ ገበሬ መበደሩን በጣት አሻራው ይፈርማል፤ ሲከፍል ግን እጅ ተጨባብጦ ይለያል። ያ የመጀመሪያው ወረቀት በነጋዴው ሳጥን ውስጥ እንዳለ ይቀራል። ማንበብ የማይችል ገበሬ በቀበሌው መምህር እጅ ሁለት መስመር አስጽፎ ምስክር ቢያስፈርም፣ ወይም አሮጌው ወረቀት ፊቱ እንዲቀደድ ቢጠይቅ ማንም አይቀየመውም። ሒሳቡንም ባል ብቻውን ይዞት መዞር የለበትም። ጎተራውን በየዕለቱ የምትሰፍረው ሚስት ስለሆነች ምን ያህል እንደቀረ የምታውቀው እርስዋ ናት፤ ለነጋዴው ቃል ከመሰጠቱ በፊትም መጠየቅ ያለባት እርስዋ ናት።

በጉባና በአካባቢው የዕዳ ነገር ሲነሳ ያለፉት ዓመታት አይረሱም። የግድቡ ሐይቅ በሐምሌ 2012 ዓ.ም. መሞላት ሲጀምር በወንዙ ዳር ይኖሩ የነበሩ ሰዎች ወደ ሌላ ሥፍራ ተዛውረዋል። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. በመተከል ዞን በደረሰው ግጭትም እጅግ ብዙ ሕዝብ ከቀዬው ተፈናቅሏል። አዝመራ ተሸክሞ መሰደድ አይቻልም፤ ዕዳ ግን ከባለዕዳው ጋር ይሰደዳል። ተመልሶ ጎጆውን የሠራ ሰው የመጀመሪያውን ክረምት ያለ ጎተራ መሻገር ግድ ሆኖበታል፤ በዚያ ክረምት ብድር የወሰደውን ማንም ሊወቅሰው አይችልም።

በጥቅምት ማሽላው ማሸት ሲጀምር ወፉ ይወርዳል። በእርሻው መካከል በእንጨት ማማ ይሠራና ከንጋት እስከ ምሽት ወንጭፍ ይዞ የሚጮህ ሰው ይቆምበታል። ሰሊጡ የሚታጨደውም በዚያው ሰሞን ስለሆነ አባትና እናት ከማሳው አይነቁም። የስድስት ዓመቱ ልጅ በመስከረም ትምህርት ቤት ተመዝግቧል። ሁለቱ ኩንታል ሰሊጥ አስቀድሞ የተሸጠበት ቤት አንዲት ዘለላ ማሽላ እንኳ ለወፍ መተው አይችልም፤ የወፍ ጠባቂ የሚቀጥርበት ገንዘብም የለው። የብድሩ ልክ በግማሽ በወረደበት ዓመት ግን ጎረቤታሞች ተራ ገብተው የማሳዎቻቸውን ወፍ በአንድነት ያስጠብቃሉ፤ ልጁም ከማማው ወርዶ ደብተሩን ይዞ ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳል።