የሕዝብ ድምፅ ያለበትን ሸክላ በቤተ ሰብ መካከል ስለ መስማት

ዘፈን በሸክላ የሚቀረጸው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው፥ ዘፋኙና መሣሪያ መቺዎቹ በተዘጋ ክፍል ተቀምጠው፥ የተሳሳተውን እያረሙና እየደጋገሙ የሚቀርጹት ነው። ሁለተኛው ግን ሕዝብ ተሰብስቦ በሚሰማበት ስፍራ፥ ጭብጨባውና እልልታው ሳይቀር የሚቀረጸው ነው። የፊተኛው ታርሞ የተገለበጠ ጽሑፍን ሲመስል፥ የኋለኛው በችሎት ላይ የተያዘ ቃልን ይመስላል፤ የተናገረውን ሰው ቃል ብቻ ሳይሆን፥ በስፍራው የነበረው ሰው ቃሉን እንዴት እንደ ተቀበለው ጭምር ያስታውቃልና።

ከዚህ ከሁለተኛው ዓይነት በዓለም ሁሉ ስሙ የታወቀው፥ የጃማይካው ተወላጅ ቦብ ማርሊ ዌይለርስ ከሚባሉት ጓደኞቹ ጋራ «ላይቭ» ብሎ ያወጣው የሬጌ ሸክላ ነው። የተቀረጸውም በሎንዶን ከተማ፥ ላይሲየም በሚባለው ቲያትር ቤት፥ ሐምሌ 10 እና 11 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ሲሆን፥ ለዚሁ ሥራ በመኪና ላይ የተሰናዳ የድምፅ መቅረጫ ክፍል ከቲያትር ቤቱ ደጃፍ ቆሞ ነበር። ዘፈኖቹ ሰባት ናቸው፤ ሁሉም ተደምረው 40 ደቂቃ አይሞሉም።

ሬጌን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ሰው ከበሮው የዘገየ ይመስለዋል። ነገሩ እንዲህ ነው፤ በሬጌ ልማድ ብዙውን ጊዜ ከአራቱ ምት የመጀመሪያው ባዶ ይተውና ከበሮው በሦስተኛው ላይ ይወድቃል፤ ጊታሩም በምትና በምት መካከል ይገባል። በዚህ ሸክላ ላይ ከበሮውን የሚመታው ካርልተን ባሬት፥ ወፍራሙን የቤዝ ጊታር የሚመታውም ወንድሙ አስተን ባሬት ነው። ጆሮ ይህን ከለመደ በኋላ ዘፈኑ እንደ ገበሬ እርምጃ የማይቸኩልና የማይደክም ሆኖ ይገኛል።

በሸክላው ላይ ከሁሉ ይልቅ የተወደደው «ኖ ውማን ኖ ክራይ» የሚባለው ነው። ይህ ዘፈን አስቀድሞ «ናቲ ድሬድ» በሚባለው ሸክላ ላይ በተዘጋ ክፍል ተቀርጾ ነበር፤ ነገር ግን በዓለም የታወቀው የላይሲየሙ ነው። ኦርጋኑ በቀስታ ሲዠምር፥ ዘፋኙ አፉን ሳይከፍት ሕዝቡ አዝማቹን ያነሣል። ነገሩም የድኻ ሰፈር ትዝታ ነው፤ ጎረቤት በሌሊት እሳት ዙሪያ ተቀምጦ የበቆሎ ገንፎ ስለ መካፈሉ ይናገራል። የደራሲነቱ መብት የተመዘገበውም በቪንሰንት ፎርድ ስም ሲሆን፥ እርሱ በኪንግስተን ከተማ ትሬንች ታውን በሚባለው ሰፈር ለችግረኞች ምግብ ያበስል የነበረ የማርሊ ወዳጅ ነው።

ሰሚው ተቀባይ ሆኖ ዘፈኑን ሲፈጽም መስማት ለወሎ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። በማኅሌት የቀኙና የግራው መዘምራን ይቀባበላሉ፤ በመንዙማ መሪው ሲያወጣ ጉባኤው ይቀበላል፤ በሐብሩ እርሻ ላይ በደቦ ማሽላ ሲታጨድም ያለ ተቀባይ ዘፈን የለም። ዛሬ ግን በወልድያና በመርሳ ብዙ ወጣት ዘፈንን የሚሰማው በስልኩ፥ ማዳመጫውን በጆሮው ከትቶ ለብቻው ነው። አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ በአንድነት የዘፈነውን አንድ ልጅ በጓዳ ብቻውን ይሰማዋል፤ ከማዶ የተቀመጡት አያቱ ግን ምን እንደሚሰማ አያውቁም። ይህም እንዴት ያለ ጉዳት እንደ ሆነ ከዚህ ቀጥሎ ይታያል።

በዚሁ ሸክላ ላይ አንዳንዱ ሰው ጠግቦ ሌላው እንደሚራብ፥ የተራበ ሕዝብም የተቈጣ ሕዝብ እንደሚሆን የሚያስጠነቅቅ ዘፈን አለ። ይህ በሎንዶን ሲዘፈን ወሎ ከታላቁ ረኃብ ገና መውጣቱ ነበር። በ1965 ዓ.ም. የተራቡት ገበሬዎች ከደሴ በመርሳ አልፎ ወደ ወልድያ በሚወስደው በዋናው መንገድ ዳር ቆመው፥ አላፊውን መኪና እያስቆሙ እህል ይለምኑ ነበር። መንግሥትም ነገሩን ሸሽጎ ስለ ቈየ፥ የረኃቡ ወሬ ሲገለጥ ንጉሠ ነገሥቱን ከዙፋን ካወረዱት ምክንያቶች አንዱ ሆነ።

የመጨረሻው ዘፈን ደግሞ ታላቁ አምላክ በሕይወት ያለ ሰው ነው የሚለውን የራስታፈሪዎችን እምነት ይናገራል፤ ያ ሰው ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። ይህን እምነት የወሎ ክርስቲያንም ሙስሊምም አይቀበለውም። ነገር ግን የባሪያ ንግድ ከአፍሪካ የነጠላቸው ሰዎች ልጆች፥ በነጻ አገር ላይ የነገሠ ጥቁር ንጉሥ በማየታቸው እንዴት እንደ ተጽናኑ ማስተዋል ይገባል። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ጃማይካን በጐበኙ ጊዜ ሕዝቡ በታላቅ ደስታ ተቀብሏቸዋል። ይህ ዘፈን በሎንዶን በተቀረጸበት ሌሊት ግን እርሳቸው በአዲስ አበባ የደርግ እስረኛ ነበሩ፤ ነሐሴ 21 ቀን 1967 ዓ.ም.፥ ማለት ከሁለተኛው ሌሊት በ40 ቀን ዐረፉ።

እንግዲህ በአንድ ሸክላ ላይ ሁለት ነገር ተገናኝቷል፤ ለተራበው መጮኽና፥ ወሎ በተራበ ጊዜ የነገሡትን ንጉሥ ማክበር። ይህን ማስታረቅ ለወጣቱ ብቻውን ይከብደዋል። ቃሉን የሰማው እርሱ ነው፤ ዘመኑን ያዩት ግን ሽማግሌዎቹ ናቸው። ከመካከላቸውም ንጉሡን በፍቅር የሚያነሣ አለ፥ በቅሬታ የሚያነሣም አለ፤ ሁለቱም ምስክሮች ናቸው። በሸክላው ላይ ያለው ሌላው ዘፈን እንኳ፥ ሹሙን መግደሉን አምኖ የምክትሉን ግድያ የሚክድ፥ ያደረግሁትም ራሴን ለመከላከል ነው የሚል ተከሳሽ ቃል ነው። እንዲህ ያለውን ቃል የሰማ ሁሉ የሌላውን ወገን ሳይሰማ መፍረድ እንደማይገባው ያውቃል።

ስለዚህ የቤተ ሰብ አባቶችና እናቶች ሆይ፥ ልጆቻችሁ ይህን ዘፈን ሲሰሙ ብታገኙ አትቈጡ፤ ማዳመጫውን ከጆሮ አውጥተው ለቤቱ ሁሉ እንዲያሰሙ ለምኗቸው። እንግሊዝኛ የሚያውቀው ልጅ ለአያቱ ቃሉን ይተርጕም፤ ድምፁም ጎረቤት የማያውክ ይሁን። የመጨረሻው ዘፈን ባለቀ ጊዜ ወዲያው ሌላ አታስከትሉ፤ ያን ጊዜ የመናገር ተራው የአያት ነው። በ1965 ዓ.ም. በዚያ መንገድ ዳር ምን እንዳዩ ጠይቋቸው፥ ሲናገሩም አታቋርጧቸው።