ዘይት የሚበላ ሞተር፤ ከመፈታቱ በፊት ሊደረግለት የሚገባው ምርመራ

የንግድ ዕቃ የሚያመላልስ መኪና ያለው ነጋዴ ለነዳጅ ያወጣውን ገንዘብ በየዕለቱ በመዝገብ ሲያሰፍር፤ ለሞተር ዘይት የሚያወጣውን ግን ብዙውን ጊዜ አይቈጥረውም። ዘይቱ በጥቂት በጥቂቱ ስለሚጨመር ወጪው ለዓይን አይታይም። ነገር ግን በ1,000 ኪሎ ሜትር 0.8 ሊትር ዘይት የሚበላ መኪና፤ ዘይቱ በየ5,000 ኪሎ ሜትር የሚለወጥ እንደ ሆነ፤ ከአንዱ ለውጥ እስከ ተከታዩ 4 ሊትር ያጠፋል። ይህም የብዙዎቹ ትናንሽ መኪናዎች ሞተር ከሚይዘው ዘይት ጋር የሚቀራረብ ነው። መጨመሩ ከተዘነጋ ብሮንዚናውና ኮሎው ያለ ዘይት ይፋጩና ሞተሩ ይነክሳል።

በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተወሰነ ወዲህ፤ በእጅ የሚገኘውን መኪና ዕድሜ ማርዘም ይበልጥ የሚያስፈልግ ሆኗል። በዚህ ረገድ ሁለት ስሕተቶች ይፈጸማሉ። አንደኛው ዘይት እየጨመሩ ዝም ማለት ሲሆን፤ ሁለተኛው ጢስ እንደ ታየ ሞተሩን ማስፈታት ነው። በጥቂት ብር የሚድን ጉድለት ሙሉ የሞተር እድሳት ሊያስከፍል ስለሚችል፤ መቸኰሉም እንደ ቸልተኝነቱ ያከስራል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ተግባር መለካት ነው። ማናቸውም ሞተር ጥቂት ዘይት ያቃጥላል። ከአምራቾች መመሪያ መጻሕፍት አንዳንዶቹ በ1,000 ኪሎ ሜትር እስከ ግማሽ ሊትር፤ ሌሎቹም እስከ 1 ሊትር ድረስ ይፈቅዳሉ፤ በደኅና ይዞታ ያለ ሞተር ግን ከዚህ እጅግ ያነሰ ይበላል። ልኬቱም እንደሚከተለው ነው። መኪናው በደልዳላ ስፍራ ይቆማል፤ የሞቀው ሞተር ጠፍቶ 10 ደቂቃ ያህል ይቈያል፤ ዘይቱ እስከ ላይኛው ምልክት ይሞላል፤ የኪሎ ሜትሩም ቍጥር ይጻፋል። ከ1,000 ኪሎ ሜትር ጉዞ በኋላ በዚያው ስፍራና በዚያው አኳኋን ቆሞ፤ ወደ ምልክቱ እስኪመለስ ድረስ በመስፈሪያ እየተለካ ዘይት ይጨመርበታል። የተጨመረው መጠን የተበላው ነው። ከላይኛው ምልክት ማሳለፍ ግን አይገባም፤ የበዛ ዘይት በኮሎው እየተመታ አረፋ ይሆንና በሞተሩ መተንፈሻ በኩል ይወጣልና።

ይህን ሥርዐት አምራቾቹም ይከተሉታል። የቶዮታ ኩባንያ በ2015 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ለአንዳንድ ባለ 2.4 ሊትር ሞተር መኪናዎች ዋስትናውን ባራዘመ ጊዜ፤ መጀመሪያ ዘይቱ በጉዞ እንዲለካ ያደርግ ነበር። ፒስተንና ፋሻ የሚለወጥለትም ፍጆታው ከልክ ያለፈ ሆኖ የተገኘው ብቻ ነበር።

ቀጥሎ ዘይቱ የሚፈስ ወይም የሚቃጠል መሆኑ ይለያል። ሌሊት ከመኪናው ሥር ንጹሕ ካርቶን ቢነጠፍ ጠብታው ስፍራውን ይጠቁማል። ኮፓው፤ ፊልትሮው፤ የቫልቭ ክዳኑ ጓርኒሲዮንና በኮሎው ፊትና ኋላ ያሉት የዘይት መያዣ ጎማዎች በተለይ ይታያሉ። ቆሞ ጥቂት የሚያንጠባጥብ ሞተር በጉዞ ጊዜ ብዙ ሊያፈስ ስለሚችል፤ ታጥቦ ከአጭር ጉዞ በኋላ ዳግመኛ ሊመረመር ይገባል።

ፍሳሽ ካልተገኘ የማርሚታው ጢስ ይታያል። ጥቁር ጢስ የነዳጅ መብዛትን፤ ሞተሩ ከሞቀም በኋላ የማያቋርጥ ነጭ ጢስ ብዙ ጊዜ የራዲያተር ውሃ ወደ ሲሊንደር መግባቱን፤ ሰማያዊ ጢስ የዘይት መቃጠልን ያመለክታል። ሰማያዊው ጢስ የሚወጣበትም ጊዜ ምክንያቱን ይለያል። ጠዋት ሞተሩ ሲነሣ ታይቶ የሚጠፋ ከሆነ፤ ወይም የቤንዚን መኪና ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ እንደሚወስደው ያለ ረጅም ቁልቁለት በማርሽ ወርዶ የነዳጁ ፔዳል ሲረገጥ የሚወጣ ከሆነ፤ የሚጠረጠሩት የቫልቭ ጎሚኒዎች ናቸው። ዳገት ሲወጣና ጭነት ሲበዛበት ሳያቋርጥ የሚጤስ ከሆነ ግን ጥርጣሬው ወደ ፋሻውና ወደ ሲሊንደሩ ያመራል። ቱርቦ ያለው ሞተር እንደ ሆነ ከቱርቦው የሚወጣው የአየር ቱቦ በዘይት መርጠቡ ይታያል።

ሞተሩን ከመንካት በፊት ርካሹ ምክንያት ይወገድ። የሞተሩ መተንፈሻ ቫልቭ ሲደፈን በውስጥ የታመቀው ግፊት ዘይቱን በየስንጥቁ ያስወጣዋል፤ ክፍት ሆኖ ሲቀርም ዘይቱ ወደ አየር ማስገቢያው ይሳባል። ይህ ዕቃ ርካሽ ነው፤ ለመለወጥም ጊዜ አይፈጅም። የዘይቱም ውፍረት መመሪያው ከሚያዝዘው ጋር መስማማት አለበት። ወፍራም ዘይት ጢሱን ለጊዜው ሊቀንስ ቢችልም ያለቀ ፋሻን አያድንም፤ ዘይት የሚሸጥ ባለሱቅም ይህን ለደንበኛው ቢገልጽለት እምነቱን ያተርፋል።

የመጨረሻው ምርመራ የሲሊንደሮቹን ግፊት መለካት ነው። ካንዴላዎቹ ተፈትተው እያንዳንዱ ሲሊንደር ይለካል፤ ቀጥሎም ዝቅተኛ ሆኖ በተገኘው ውስጥ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ተጨምሮ ዳግመኛ ይለካል። ግፊቱ ጨምሮ ከተገኘ የፋሻ ወይም የሲሊንደር ማለቅ ነው፤ ካልጨመረ ግን ጉድለቱ ቫልቮቹ ወይም የቴስታታው ጓርኒሲዮን ዘንድ ይፈለጋል። የቫልቭ ጎሚኒ በብዙ ሞተሮች ቴስታታው ሳይወርድ ሊለወጥ ይችላል። ፋሻ ለመለወጥ ግን ሞተሩ መከፈቱ ግድ ነው፤ ሲሊንደሩ ሳይለካ በተበላው ሲሊንደር አዲስ ፋሻ ማግባት ገንዘብን ሁለት ጊዜ ማጥፋት ነው።

ወደ ጋራዥ የሚሄድ ባለመኪና የኪሎ ሜትሩን፤ የተጨመረውን ዘይትና ጢሱ የታየበትን ጊዜ የጻፈበትን ወረቀት ይዞ ቢቀርብ፤ መካኒኩ በግምት ከመሥራት ይድናል፤ ባለመኪናውም የሚከፍልበትን ምክንያት ዐውቆ ይከፍላል።