ጀልባ የቆመበትን መጋዘን አጽጂ ስትባሉ

እህቶቼ፣ ኩዌት ስሠራ ቤተሰቡ ባሕር ዳር ሻሌ ነበረው። ብርዱ ሲገባ አረቦቹ «ጠራድ» የሚሉትን የሞተር ጀልባ ከውኃ ያወጡና መጋዘን ውስጥ በብረት ድጋፍ ያቆሙታል። አንድ ቀን ማዳም «ሥሩን ጥረጊ» አለችኝ። አንዱ ብረት መንገድ ስለዘጋብኝ ገፋ ላደርገው ያዝኩት። የጀልባው ሠራተኛ ከበሩ ላይ ሆኖ ጮኸብኝ። ደንግጬ ለቀቅኩት። ያኔ ያስረዳኝን ልንገራችሁ።

ጀልባው በምን ቆመ?

አብዛኛው ክብደት ያረፈው ከሥሩ መሃል ለመሃል በተደረደሩት ወፍራም እንጨቶች ላይ ነው። የግራና የቀኝ ብረቶች ደግሞ ጀልባው ወደ ጎን እንዳይወድቅ ይይዙታል። እንደ መኪና ክሪክ እየተጠመዘዙ ከፍ ዝቅ ይላሉ። የግራውና የቀኙ በጀልባው ሥር በሰንሰለት የተያያዙት እግራቸው ወደ ውጭ እንዳይንሸራተት ነው። አንዱ ከቦታው ከተነሳ ያ ሁሉ ክብደት ወደዚያው ጎን ሊወድቅ ይችላል። ለመሸሽ ጊዜ አይኖርም።

ስለዚህ፦

• ብረቱን አትግፉ፣ አታዙሩ፤ ሰንሰለቱን አትፍቱ። «ለአንድ ደቂቃ ብቻ» ብትባሉም።
• ከሥሩ አትግቡ። ከውጭ ሆናችሁ እጀታው በረዘመ መጥረጊያ ጥረጉ።
• ጀልባው ላይ አትውጡ፤ ሰው ሲወጣበት ይነቃነቃል። መሰላልም ብረቱ ላይ አታስደግፉ።
• መጀመሪያ ዙሪያውን እዩ። የላላ ሰንሰለት፣ የተሰነጠቀ እንጨት ወይም ያዘነበለ ብረት ካለ ወጥታችሁ ተናገሩ።
• ቤንዚን ከሸተታችሁ የመብራት ማብሪያ ሳትነኩ ውጡ።
• በተዘጋ መጋዘን ሞተር ከተነሳ ውስጥ አትቆዩ፤ ጭሱ ይገድላል።
• የሥሩን ቀለም አትፋቁ፤ አቧራው መርዝ ነው።

እምቢ ማለት እንዴት ይቻላል?

እኔ «ማዳም፣ ሃዳ ኸጠር» (ይሄ አደጋ ነው) አልኳት። ቀጥዬም «ወለሉን አጸዳለሁ፣ ብረቱን ግን አልነካም» አልኩ። ተቆጣች፤ ሠራተኛው ግን እውነቴን እንደሆነ ነገራት፤ ነገሩ በዚያው አለቀ። ሥራውን በሙሉ እምቢ ከማለት የምትችሉትንና የማትችሉትን ለይታችሁ ብትናገሩ ይሻላል።

በኩዌት የ2015 የቤት ሠራተኞች ሕግ፣ ቁጥር 68፣ አሠሪ ጤናችሁን የሚጎዳ አደገኛ ሥራ እንዳያሠራችሁ ይከለክላል። ሌላ አገር ያላችሁ የዚያን አገር ሕግ ጠይቁ። ካስገደዷችሁ ቀኑንና የተባላችሁትን ጻፉ፤ ከቻላችሁ ፎቶ አንሱና ለምታምኑት ሰው ላኩ።

ጀልባ ሰው ላይ ከወደቀ ለማንሳት ብላችሁ ከሥሩ አትግቡ፤ እናንተም ትያዛላችሁ። ኩዌት ውስጥ 112 ደውሉ፣ ያለችሁበትንም ቦታ ንገሩ።

መጋዘኑ አቧራ ይዞ ቢያድር ማንም አይሞትም። እናንተን ግን ቤተሰብ ይጠብቃችኋል።